ሰንጋ ዳለቻ፣ ዳለቻ ሰንጋ፦ ስለ ቅጽል፣ ስለ ተውሳከ ግስና ስለ ቃላት ቅደም ተከተል

በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ወይም በባቲ የሰኞ ገበያ ከብት ሊገዛ የወጣ ሰው፣ ግራጫ መልክ ያለውን ሰንጋ ለይቶ ሲጠይቅ፣ አፉን የፈታበት ልሳን ኦሮምኛ እንደ ሆነ «ሰንጋ ዳለቻ» ይላል፤ አማርኛ እንደ ሆነ ግን «ዳለቻ ሰንጋ» ይላል። ዳለቻ የሚለው የመልክ ቃል፣ እንደ ጉራቻ፣ እንደ ቦራና እንደ መጋላ ሁሉ፣ ከፈረሱና ከከብቱ ጋር ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የተሻገረ ስለ ሆነ፣ ሰንጋም በሁለቱ ልሳናት ዘንድ የጋራ ስለ ሆነ፣ ሻጭና ገዥ በቃሉ አይለያዩም፤ የሚለያዩት ቃሉ በሚቆምበት ስፍራ ብቻ ነው። አንዱ ነገሩን አስቀድሞ ጠርቶ መልኩን ያስከትላል፤ ሌላው መልኩን አስቀድሞ ነገሩን ያስከትላል። ሁለቱንም ልሳን የሚያውቀው ነጋዴ ደግሞ፣ ሰዋስው የሚባል ትምህርት መኖሩን እንኳ ሳያስብ፣ በአንድ ቀን ገበያ ውስጥ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ያለ እንቅፋት ሲመላለስ ይውላል።

ይህን የመሰለ ችሎታ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ሲደርስ ዋጋ የሚያጣበትን ምክንያት መመርመር የዚህ ሐተታ ዓላማ ነው። የከሚሴና የአካባቢዋ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ የቅጽሉን፣ የተውሳከ ግሱንና ቅደም ተከተል የሚያመለክቱትን ቃላት ስፍራ ስቶ ሲገኝ፣ መምህሩ «ይህ ልጅ ሰዋስው አያውቅም» ብሎ በቀይ ቀለም ያሰምርበታል። እኔ ግን ልጁ ሰዋስው አያውቅም አልልም፤ ሁለት፣ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ሰዋስው ያውቃል፤ የጎደለው ነገር ቢኖር የሚያውቀውን ከሚማረው ጋር አጎራብቶ የሚያሳየው ሰው ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መዲና ናት። ደዋ ጨፋን፣ አርጡማ ፉርሲን፣ ጅሌ ጥሙጋን፣ ባቲንና ደዌ ሐረዋን የሚያቅፈው ይህ ዞን፣ የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣውን የጨፋን ሜዳ መካከል አድርጎ፣ በአንድ ወገን ከወሎና ከሸዋ ደጋ፣ በሌላው ወገን ከአፋር ቆላ ጋር የሚዋሰን በመሆኑ፣ ኦሮምኛና አማርኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ከጥንት ጀምሮ ሲገናኙበት የኖረ ምድር ነው፤ በመስጊዱና በቁርኣን ቤቱም ዐረብኛ የሃይማኖትና የትምህርት ልሳን ሆኖ ይሰማል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ልሳን እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና በሁለተኛ ደረጃ ግን የማስተማሪያ ልሳን እንዲሆን በመደንገጉ፣ የዞኑ ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጅ በኦሮምኛ ይጀምራል፤ አማርኛን ይጨምራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስም ፊዚክሱንና ታሪኩን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ኦሮምኛ በላቲን ፊደል፣ ማለት በቁቤ፣ እንዲጻፍ በ1984 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ የእንግሊዝኛ ፊደላት መልክ ለዚህ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ምንም እንኳ ኤክስ የምትባለው ፊደል በቁቤ የ«ጠ»ን፣ ሲ የምትባለውም የ«ጨ»ን ድምፅ የምትሰጥ በመሆኗ ንባቡ ከመሰናክል ነጻ ባይሆንም፣ የፊደሉ በር ግን አልተዘጋበትም። የሚያስጨንቀው ከፊደሉ ወዲያ፣ ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚሰለፉበት ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ከቅጽል እንጀምር። በኦሮምኛ ትልቅ ቤት «መነ ጉዳ» ነው፤ ቤቱ ይቀድማል፣ ትልቅነቱ ይከተላል። ረጅም ሰው «ነመ ዼራ» ነው። ቁጥርም እንዲሁ ከስም በኋላ ይመጣል፤ ሁለት ሰንጋ ለማለት «ሰንጋ ለመ» ይባላል። አመልካቹና አገናዛቢውም ከዚህ ሥርዓት አይወጡም፤ ይህ ቤት «መነ ከነ»፣ ቤቴ ደግሞ «መነ ኮ» ነው። ስም ፊት ፊት ሲሄድ ገላጮቹ ሁሉ ከኋላው ይሰለፋሉ ማለት ነው። አማርኛ በአንጻሩ «ትልቅ ቤት»፣ «ሁለት ሰንጋ»፣ «ይህ ቤት» እያለ ገላጮቹን በፊት ሲያሰልፍ፣ እንግሊዝኛም «ቢግ ሀውስ»፣ «ቱ ኦክስን»፣ «ዚስ ሀውስ» ብሎ ከአማርኛ ጋር ይተባበራል። ስለዚህ በቅጽል ስፍራ ረገድ አማርኛ ለእንግሊዝኛ የቅርብ ጎረቤት፣ ኦሮምኛ ግን የሩቅ እንግዳ መስሎ ይታያል። ይህ አስተያየት ግማሽ እውነት ብቻ መሆኑን በስተኋላ እናያለን።

ከስፍራው ሌላ የስምምነት ነገር አለ። የኦሮምኛ ቅጽል ጾታን ይለያል፤ ረጅሙ ልጅ «ጉርባ ዼራ» ሲሆን ረጅሟ ልጃገረድ «ኢንተለ ዼርቱ» ናት። ብዛትንም በመደጋገም ያመለክታል፤ «ጉዳ» የነበረው «ጉርጉዳ» ይሆናል። አማርኛም «ትልቅ» ያለውን «ትልልቅ»፣ «ረጅም» ያለውን «ረጃጅም» ስለሚለው፣ ሁለቱ ልሳናት በዚህ እንደ ወንድማማች ተስማምተው፣ የእንግሊዝኛ ቅጽል ግን ለወንድም ለሴትም፣ ለአንድም ለብዙም ሳይለዋወጥ ይኖራል። «ቢግስ ሀውስስ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ከብዙ ቤቶች ጋር የሚሄድ ቅጽል ራሱም ብዙ መሆን ይገባዋል የሚለውን በሁለት ልሳን የተማረውን ሕግ በሦስተኛው ላይ ማጽናቱ ነው። ሕጉ እንግሊዝኛ ውስጥ እንደማይሠራ ልንነግረው ይገባል፤ ሕግ የለሽ አድርገን ልንቈጥረው ግን አይገባም።

በዚሁ ላይ ልጁ በቁርኣን ቤት አድጎ ወደ ነሕው፣ ማለት ወደ ዐረብኛ ሰዋስው ትምህርት፣ የገባ እንደ ሆነ ሌላ ምስክር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1323 ያረፈው የፌዝ ከተማ ሊቅ ኢብን አጁሩም ለጀማሪዎች ባዘጋጀው፣ በመላው እስላማዊ ዓለም በሚጠናው አጭር ድርሰቱ፣ ንግግርን በሦስት ወገን ብቻ፣ በስም፣ በግስና በሐርፍ፣ ማለት በአገናኝ ንኡስ ቃል፣ ይከፍለዋል፤ በዚህ አከፋፈል ቅጽል ለብቻው ነገድ ሳይኖረው ከስም ወገን ይቈጠራል፤ የሚገልጸውንም ስም ከኋላ ተከትሎ በጾታ፣ በቁጥር፣ በአገባብና በመታወቅ ይመስለዋል። ትልቁ ቤት በዐረብኛ «አል-በይቱል-ከቢር» ነውና፣ ዐረብኛና ኦሮምኛ፣ አንዱ ሴማዊ ሌላው ኩሻዊ ሆነው ሳለ፣ ስምን በማስቀደም አንድ ናቸው። በግእዝ ጉባኤ ቤት ግን ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው። «መንፈስ ቅዱስ» ሲባል ስሙ ቀድሞ ቅጽሉ ይከተላል፤ «ብሉይ ኪዳን»፣ «ሐዲስ ኪዳን» ሲባል ደግሞ ቅጽሉ ቀድሞ ስሙ ይከተላል። አማርኛ ተናጋሪው ምእመን ሁለቱንም በየዕለቱ ሲጠራ ስለሚኖር፣ ቅጽልን ከስም በኋላ ማስከተል የድንቁርና ሳይሆን የሌላ ሥርዓት ምልክት መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የሚቀርብ አብነት አላውቅም። እንግሊዝኛ ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ በቤተ መንግሥቱና በፍርድ ቤቱ በነገሠው ፈረንሳይኛ ምክንያት፣ «አቶርኒ ጄኔራል» እና «ኮርት ማርሻል» የመሳሰሉትን ቅጽል ተከታይ ስሞች እስከ ዛሬ ይዞ ይኖራል።

ብዙ ቅጽሎች በአንድ ስም ላይ ሲደረደሩ እንግሊዝኛ ጥብቅ ተራ አለው፤ አስተያየት፣ መጠን፣ ዕድሜ፣ ቅርጽ፣ መልክ፣ የመጡበት ሀገር፣ የተሠሩበት ነገር፣ የሚሰጡት አገልግሎት በዚህ ቅደም ተከተል ይቆማሉ። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ስምንት እርከን በሰንጠረዥ አድርገው ተማሪው እንዲሸመድደው ያደርጋሉ፤ በኔ አስተያየት ግን የሚደክመው ድካም ከሚገኘው ጥቅም ይበልጣል። ሰው በንግግሩም ሆነ በጽሑፉ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ቅጽል ደርድሮ የሚናገርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መጠን ከመልክ እንደሚቀድምና የተሠራበት ነገር ከስሙ አጠገብ እንደሚቆም ያወቀ ተማሪ የሚበቃውን ያህል አወቀ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1955 ለባለቅኔው ኦደን በጻፈው ደብዳቤ፣ በሕፃንነቱ ስለ ዘንዶ አንድ ታሪክ ጽፎ፣ አረንጓዴ የሚለውን ቅጽል ግዙፍ ከሚለው በማስቀደሙ እናቱ እንዳረመችው፣ ምክንያቱን ግን ያን ጊዜም ሆነ ካረጀ በኋላ እንዳላገኘው ይተርካል። ከእናቱ ጡት ጋር እንግሊዝኛን የጠባ፣ በኋላም በኦክስፎርድ የልሳን መምህር የሆነ ሰው ያልደረሰበትን ምክንያት የአርጡማ ልጅ በቃሉ ካልመለሰ ብሎ ነጥብ መቀነስ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ጆሴፍ ግሪንበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ጥናቱ ደግሞ፣ አመልካች፣ ቁጥርና ቅጽል ሦስቱም ከስም በፊት በሚቆሙባቸው ልሳናት ተራቸው ምንጊዜም ይኸው መሆኑን፣ ከስም በኋላ በሚቆሙባቸው ግን ያው ተራ ወይም የዚያው ተገላቢጦሽ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። «እነዚህ ሁለት ትልልቅ ሰንጋዎች» ያለ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዙ ጋር በተራው አንድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ከፍ ብዬ ግማሽ እውነት ወዳልሁት ነገር ልመለስ። ቅጽል አንድ ቃል ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገርም የቅጽልን ሥራ ይሠራል። አማርኛ «ትናንት የመጣው ሰውዬ ሰንጋ ገዛ» ሲል፣ «ትናንት የመጣው» የሚለው ሐረግ ሰውየውን ከፊቱ ሆኖ ይገልጸዋል። ኦሮምኛ ይህንኑ «ነምቺ ከሌሰ ዹፌ ሰንጋ ቢቴ» ይለዋል፤ ሰውየው ይቀድማል፣ መምጣቱ ይከተላል። እንግሊዝኛውም «ዘ ማን ሁ ኬም የስተርዴይ ቦት አን ኦክስ» ነው፤ እዚህም ሰውየው ይቀድማል፣ መምጣቱ ይከተላል። እነሆ በአንዱ ቃል ቅጽል ጊዜ ሩቅ መስሎ የታየው ኦሮምኛ፣ በከባዱና በረቂቁ የቅጽል ዓይነት ጊዜ የእንግሊዝኛ የቅርብ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ፤ አማርኛም በተራው ራቀ። ኦሮምኛ «ከን» የምትባለውን ቃል በስሙና በገላጩ ሐረግ መካከል ማግባት ስለሚችልም፣ የእንግሊዙን «ሁ» ሥራ ለልጁ ለማስረዳት ከእርሷ የተሻለ መሸጋገሪያ የለም። የዝምድናውም አነጋገር እንዲሁ ነው፤ የአባቴ ቤት በኦሮምኛ «መነ አባ ኮ» ሲሆን፣ ቤቱን አስቀድሞ አባትን ማስከተሉ «ዘ ሀውስ ኦቭ ማይ ፋዘር» ከሚለው ጋር፣ አማርኛው ደግሞ «ማይ ፋዘርስ ሀውስ» ከሚለው ጋር በሥርዓት ይገጥማል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም መንገድ ስለያዘ፣ ለከሚሴ ልጅ በአንድ ኪሱ የአንዱ በር ቁልፍ፣ በሌላው ኪሱ የሌላው በር ቁልፍ አለው።

ግእዝም በዚህ ነገር ከኦሮምኛና ከእንግሊዝኛ ጎን ነው። ሕፃን ሽማግሌው በቃሉ የሚያውቀው ጸሎት «አቡነ ዘበሰማያት» ተብሎ ሲሰየም፣ አባት የሚለው ስም ቀድሞ በሰማያት መኖሩን የሚገልጸው ሐረግ መከተሉን ልብ ይሏል። የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ እንግሊዝኛው «ሁ» እና «ዊች» እያለ ገላጩን ከኋላ ሲያመጣበት ግራ ከተጋባ፣ መምህሩ ሩቅ ሳይሄድ በዚህች ጸሎት ስም ሊያስረዳው ይችላል።

የተውሳከ ግስ ነገር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ በዚህ ረገድ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ወገን ቆመው እንግሊዝኛ ብቻውን በሌላ ወገን ይቆማል። እንግሊዝኛ በቅጽል ጫፍ ላይ «ሊ» የምትለውን ቅጥያ እያኖረ «ክዊክ» ያለውን «ክዊክሊ»፣ «ስሎ» ያለውን «ስሎሊ» በማለት ስፍር ቁጥር የሌለው ተውሳከ ግስ ያመርታል። ፕሮፌሰር ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በታተመው «የአማርኛ ሰዋስው» በተባለው መጽሐፋቸው የአማርኛን ቃላት በስም፣ በግስ፣ በቅጽል፣ በተውሳከ ግስና በመስተዋድድ ሲከፍሉ፣ እንደ «ገና»፣ እንደ «ክፉኛ» ያሉ እውነተኛ ተውሳከ ግሶች ጥቂት መሆናቸውን አሳይተዋል። ታዲያ አማርኛ የአደራረግን ሁኔታ በምን ይገልጻል ቢሉ፣ አንዳንዱን «በፍጥነት»፣ «በትዕግሥት» እያለ ስምን ከ«በ» ጋር በማጣመር፣ ብዙውን ግን በግሱ በራሱ ነው፤ «ፈጥኖ መጣ»፣ «አጥብቆ ያዘ»፣ «ደጋግሞ ጠየቀ» ይላል። ኦሮምኛም «ደፌ ዹፌ» ሲል ፈጥኖ መጣ ማለቱ ነውና፣ ፍጥነቱን የሚናገረው በግስ ነው። ለሁለቱም ሕዝብ የአደራረግ ሁኔታ ራሱ አንድ ድርጊት ሆኖ ይታሰባል። እንግሊዝኛ ግን ድርጊቱን ለግስ፣ ሁኔታውን ለተውሳከ ግስ ለይቶ ይሰጣል፤ ተማሪው «ሂ ኬም ክዊክ» ብሎ ሲጽፍ ልቡ ውስጥ ያለው ሐሳብ ትክክለኛ ሆኖ ሳለ፣ የጎደለው ይህ ክፍፍል እንግሊዝኛ ውስጥ ግዴታ መሆኑን ማወቅ ነው።

ስፍራቸውም የመስተዋት ምስል ያህል የተገላበጠ ነው። «ትናንት በከሚሴ በደንብ ተማረ» የሚለው የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ጊዜን፣ ቦታን፣ ሁኔታን ደርድሮ በግስ ይዘጋል፤ ኦሮምኛውም ግሱን መጨረሻ ላይ በማኖር ይህንኑ ይከተላል። እንግሊዝኛው ግሱን አስቀድሞ ሁኔታን፣ ቦታን፣ ጊዜን በዚህ ተራ ያስከትላል፤ ይኸውም የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው የማንበብ ያህል ነው። ይህን አንድ ነገር ያወቀ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የገጾች ሕግ ከማጥናት ይድናል። «ኦልዌይስ»ና «ኦፍን» የመሳሰሉት የድግግሞሽ ቃላት ከዚህ ሥርዓት ወጥተው በባለቤቱና በዋናው ግስ መካከል፣ መሆንን ከሚያመለክተው ግስ ጋር ሲሆን ግን ከግሱ በኋላ ይገባሉ። «ሃርድ» ተግቶ፣ «ሃርድሊ» ግን ምንም ያህል አለመሆኑን፣ ሁለቱ በመልክ እንጂ በትርጓሜ እንደማይዛመዱ፣ እንዲሁም አማርኛው በ«በጣም» የሚያጠቃልለውን እንግሊዝኛው «ቬሪ» ብሎ ለብዛት፣ «ቱ» ብሎ ከመጠን ለማለፍ እንደሚለየው አስቀድሞ መንገር ብዙ ስሕተት ያስቀራል። «ቱ ቢዩቲፉል» ብሎ እኅቱን ያመሰገነ ልጅ ውበቷ ከልክ አልፎ ጉዳት ሆነ ማለቱ አይደለምና።

ስለ ቅደም ተከተል ቃላት ግን ዘለግ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚበልጠው ችግር እዚህ ነው። እንግሊዝኛ የድርጊትን ተራ «ፈርስት»፣ «ዜን»፣ «ኔክስት»፣ «አፍተር ዛት»፣ «ፋይናሊ» በሚሉ ቃላት ያመለክታል። አማርኛና ኦሮምኛ ይህን ሥራ በአብዛኛው ለግሱ ለራሱ ሰጥተውታል። «ተነሥቶ፣ ታጥቦ፣ በልቶ ወጣ» ሲባል፣ ወይም በኦሮምኛ «ከኤ፣ ዺቀቴ፣ ኛቴ፣ በኤ» ሲባል፣ ከአራቱ ድርጊቶች የትኛው እንደ ቀደመና የትኛው እንደ ተከተለ ያለ አንዳች የተራ ቃል የታወቀ ነው፤ የግሱ መልክ፣ ሰዋስውያን ቦዝ አንቀጽ የሚሉት፣ ራሱ ተራውን ይዞ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ግስ ሲመጣ የሁሉንም ጊዜ ይወስናል። እንግሊዝኛ ይህን የመሰለ የግስ መልክ በንግግር እምብዛም አይጠቀምም። ስለዚህ የከሚሴ ተማሪ ይህን ሐሳብ ወደ እንግሊዝኛ ሲያሻግር ሁለት መንገድ ብቻ ይታየዋል፤ ወይ ግሶቹን ሁሉ በ«ኤንድ» አያይዞ ይደረድራል፣ ወይም አያያዡን ትቶ ግሶቹን ባዶአቸውን ያቆማቸዋል። አንባቢው እንግሊዛዊ ተራው ጠፋበት ይላል፤ ተራው ግን በልጁ ልብ ውስጥ ከአንባቢው ይልቅ የጠራ ነው። ስለዚህ መምህሩ የአማርኛውን ወይም የኦሮምኛውን ዐረፍተ ነገር በሰሌዳ ጽፎ፣ በእያንዳንዱ ቦዝ አንቀጽ ሥር «በዚህ ስፍራ እንግሊዙ ዜን ይላል» ብሎ ቢያመለክት ነገሩ ይፈታል።

የተራ ቃላትን ለማስተማር መጻሕፍቱ የሚያቀርቡት ምሳሌ በአብዛኛው የፓስታ አሠራር ወይም የሻይ አፈላል ነው። በጨፋ ሜዳ ላደገ ልጅ ከዚህ የሚበልጥ፣ ሥርዓቱን በሥጋውና በነፍሱ የሚያውቀው ነገር አለ። በሻፊዒ መዝሀብ የውዱእ፣ ማለት ከሶላት በፊት የሚፈጸመው ትጥበት፣ ግዴታዎች ስድስት ናቸው፤ ኒያ (የልብ ሐሳብ)፣ ፊትን መታጠብ፣ እጅን እስከ ክርን መታጠብ፣ ራስን ማበስ፣ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት መታጠብ፣ ስድስተኛውም ራሱ ተርቲብ፣ ማለት ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። በሐነፊ መዝሀብ ቅደም ተከተሉ ሱና እንጂ ግዴታ ባይሆንም የሚፈጸመው በዚያው ተራ ነው። ተራን ማክበር ራሱ ከግዴታዎች አንዱ ሆኖ በተቈጠረበት ሥርዓት ያደገን ልጅ፣ «ፈርስት»ና «ዜን» ምን እንደ ሆኑ አልገባውም ማለት እንዴት ይቻላል? ያንኑ ሥርዓት በእንግሊዝኛ እንዲጽፈው ቢታዘዝ የሚጽፈው ነገር ስለማይጠፋው ልቡ በቃላቱ ላይ ብቻ ያርፋል። የቡናውም አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንዲሁ ለጀማሪ የሚበቃ ሌላ ድርሰት ነው።

የቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ሊቃውንት በበኩላቸው ከዚህ የተለየ የተራ ቃል አላቸው፤ «አንድም» እያሉ ትርጓሜውን በትርጓሜ ላይ ሲያክሉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም፣ የፊተኛውም በኋለኛው ላይ አይሠለጥንም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይኖራሉ። የእንግሊዝኛ የክርክር ድርሰት ግን «ፈርስትሊ»፣ «ሰከንድሊ»፣ «ላስትሊ» ሲል ማስረጃዎቹን ወደ አንድ ፍርድ ይነዳቸዋል። በትርጓሜ ቤት መንፈስ ያደገ ተማሪ ሐሳቦቹን እኩል አድርጎ ደርድሮ ፍርዱን ለአንባቢው ሲተው፣ የፈተና አራሚው «መደምደሚያ የለውም» ይለዋል። ሁለቱም የክቡር ትምህርት መንገድ ናቸው፤ ልጁ አንዱን ከሌላው ለይቶ በየስፍራው እንዲጠቀምበት ማስተማር ግን የመምህሩ ፋንታ ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ «አት ላስት» ማለት ከብዙ ጥበቃ በኋላ የተገኘን ነገር እንጂ የዝርዝርን መጨረሻ እንደማያመለክት፣ ለዝርዝሩ መጨረሻ «ላስትሊ» ወይም «ፋይናሊ» እንደሚባል ማስታወስ ይገባል፤ ይህ ስሕተት በዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ጽሑፍ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል።

ልሳንን ከልሳን ጋር አጎራብቶ መማር ለዚህ ሀገር አዲስ ፈሊጥ አይደለም። በቤተ አማራ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ በ17ኛው ምእት ዓመት ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ1652 ደግሞ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው፣ ሁለቱ የጋራ ባደረጉት በግእዝ እየተነጋገሩ አማርኛን ስላስተማሩት፣ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 በፍራንክፈርት የአማርኛን ሰዋስው በላቲን ጽፎ ለማሳተም በቃ። ኦነሲሞስ ነሲብም እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግእዝ ፊደል ሲያዘጋጅ፣ ኦሮምኛ ያለውን አማርኛ የሌለውን ድምፅ ለመጻፍ ከ«ደ» የወጣውን «ዸ»ን በመጠቀም ሁለቱን ልሳናት አንዱን በሌላው መለካት ነበረበት፤ አስቴር ገኖም በዚህ ሥራ ታላቅ ረድኤት ሆናዋለች። እነዚህ ሁሉ አዲሱን የተማሩት የሚያውቁትን ደጅ አስቀርተው አይደለም።

ዛሬ ግን የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ለመላ ሀገሪቱ አንድ ሆኖ ስለሚዘጋጅ፣ ተማሪው ከከሚሴ ይሁን ከጎንደር፣ ከጅግጅጋ ይሁን ከአርባ ምንጭ ሳይለይ፣ ሁሉም ከባዶ የሚጀምር ይመስል ሕጉን ይደነግጋል። መጽሐፉ አንድ መሆኑን አልነቅፍም፤ ለሁሉም ልሳን የሚሆን መጽሐፍ ማዘጋጀት ከባድ ነውና። የሚነቀፈው፣ መጽሐፉ ሊያደርገው የማይችለውን መምህሩ በክፍሉ ውስጥ እንዳያደርገው፣ «በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ከእንግሊዝኛ በቀር አንድ ቃል አይሰማ» የሚለው ልማድ ነው። ይህ ልማድ ልጁን እንግሊዝኛ አያስለምደውም፤ የራሱን ሰዋስው እንዲያፍርበት ብቻ ያደርገዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። የዚህን ውድቀት ምክንያት ሁሉ በእንግሊዝኛ ላይ መጫን አይገባም፤ ሆኖም ፊዚክሱም ጂኦግራፊውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፣ የዐረፍተ ነገሩ ተራ የተሰወረበት ተማሪ ጥያቄውን ሳይረዳ መልሱን ሊመርጥ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው።

ስለዚህ በዞኑ ለሚያስተምሩ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ እንዲሁም መምህራንን ለሚያሠለጥኑ ኮሌጆች የማቀርበው ልመና ይህ ነው። አንድን ዐረፍተ ነገር በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ በሰሌዳው ላይ አንዱን ከሌላው ሥር ጻፉ፤ ቅጽሉንና ስሙን፣ ግሱንና ተውሳከ ግሱን፣ ቦዝ አንቀጹንና የተራውን ቃል በመስመር አያይዙ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥምና የትኛው እንደሚገላበጥ ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ፍቀዱላቸው። ኦሮምኛ የማያውቅ መምህር ከተማሪዎቹ ቢጠይቅ ክብሩ አይጎድልም። ለዚህ ሥራ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል፤ የሚመጣው ሰኞ ሊጀመር ይችላል።